ጆተኒ፣ ፑል፣ ዳማ፦ አንድ ጠረጴዛ ገጥመን ሕጉን ስንማር

ባለ ብዙ ጨዋታ ጠረጴዛ የሚባለውን ነገር በሱቅ ወይም በስልካችሁ አይታችሁት ይሆናል። ከታች ጆተኒ ነው። በላዩ ላይ ሰሌዳዎች ይነጠፉበታል። አንዱ ሰሌዳ ፑል ነው፤ ሲገለበጥ ሆኪ ይሆናል። ሌላው ፒንግ ፖንግ ነው፤ ጀርባው ላይ የቼዝና የዳማ መስመር አለበት። በዳይስ የሚጫወቱት ባክጋመን፣ ቦውሊንግና ጠጠር እያንሸራተቱ የሚጫወቱት ሸፍልቦርድም ይጨመሩበታል። ሁሉም በአንድ ከባድ ካርቶን ታሽጎ በር ላይ ይደርሳል። እኛም ክረምቱ ሊገባ ሲል ለቤዝመንታችን አንድ ገዛን። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በረዶ ወርዶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁለት ልጅ ይዞ ቤት መዋል ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል።

ስለ አገጣጠሙ የሚያወራ ሰው ሞልቷል። ስለ ሕጉ ግን ብዙም አይወራም። እኔ ደግሞ ዋናው እሱ ነው ባይ ነኝ። ሕጉን ቁጭ ብለው ያልተማሩት ጠረጴዛ ለጥቂት ጊዜ ይንኳኳል፣ ከዚያ የታጠፈ ልብስ መደርደሪያ ይሆናል። ወዳጅ ቤት ስሄድ ደጋግሜ ያየሁት ይህንን ነው። ልጆቹ ጨዋታውን ጠልተውት አይደለም። ማን እንዳሸነፈ የሚለይበት መንገድ ስለሌለ ነው። በየጨዋታው ጭቅጭቅ፣ በየጭቅጭቁ ለቅሶ፣ በመጨረሻ "በቃ ተዉት!" የሚል ወላጅ።

እኔ ያደግሁት ጉለሌ ነው። ከቤታችን ወረድ ብሎ፣ ከሱቁ ጎን፣ በላስቲክ ጥላ ሥር አንድ ጆተኒ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ወንዶቹ ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው እዚያ ይኮለኮላሉ። ተሸናፊ ይከፍላል። አሸናፊ ባለበት ይቆማል፣ ተረኛ ይገባል። ሴት ልጅ ግን እዚያ አትቆምም። አይቻልም ብሎ የነገረን የለም። ነገር ግን ጆተኒ ጋ የታየች ልጅ ወሬዋ ከሷ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። ዳቦ ተልኬ ሳልፍ ቆም እላለሁ። ወዲያው አንዱ "አንቺ፣ ምን ታያለሽ? ሂጂ!" ይለኛል። ታላቅ ወንድሜ ከሰፈሩ ጎበዞች አንዱ ነበር። ኳሷን መሃል መስመር ላይ ያቆማታል። ቀስ አድርጎ ለፊት መስመር ያቀብላታል። ሲመታት ዓይን አይከተላትም፤ የምንሰማው የግቡ ጣውላ ሲጮህ ብቻ ነው።

እኔ ራሴ እጀታውን የጨበጥኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ በዚህ ጠረጴዛ ነው። ትንሿ ልጄ አሁን እኔ ዳቦ ይዤ አልፍ በነበረበት ዕድሜ ላይ ናት። እጀታውን ይዛ፣ ሕግ ጠቅሳ፣ ከወንድሟ ጋር እኩል ስትከራከር ሳያት የሚሰማኝን ደስታ እንዲህ ነው ብዬ ልነግራችሁ አልችልም።

ከመግዛታችሁ በፊት ክፍሉን በሜትር ለኩ። የኛ ጠረጴዛ 4 ጫማ ነው፤ ወደ 1.2 ሜትር ገደማ። መደበኛው ጆተኒ 1.4 ሜትር አካባቢ ይረዝማል። ጠረጴዛው ራሱ ብዙ ቦታ አይፈጅም፤ ቦታ የሚፈጀው ሰው ነው። የጆተኒው ብረት ሲሳብ ወደ ጎን ይወጣል። የፑል ስቲክ ለክርን ቦታ ይፈልጋል። ፒንግ ፖንግ ደግሞ ወደ ኋላ ማፈግፈጊያ ይፈልጋል። በዙሪያው አንድ ሜትር ያህል ክፍት ካልሆነ ሌላ ክፍል ብታስቡ ይሻላል። ከሁለት ጠረጴዛ አንዱን ስትመርጡ ደግሞ ከባዱን ውሰዱ። ቀላሉ ልጆች በገፉት ቁጥር ከቦታው ይሄዳል።

አሁን ወደ መግጠሙ። ደረጃ ካለባችሁ ካርቶኑን ላይ ክፈቱትና ዕቃውን በየተራ አውርዱ። እኛ እንደዚያ አደረግን። ትናንሾቹን ሰሌዳዎች ልጆቹ፣ ትልልቁን ጣውላ እኔና ባለቤቴ አወረድን።

ቀጥሎ የሠራነው ቆጠራ ነው። ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ቪቴ፣ ሁሉም ቁጥር በተጻፈባቸው ትናንሽ ፌስታሎች ተለያይተው ይመጣሉ። ልጄ የእንቁላል ካርቶን አምጥታ በየጉድጓዱ ደረደረቻቸው፤ ቁጥራቸውንም በእስክሪብቶ ጻፈችበት። ወንድሟ መመሪያውን ይዞ ይጠራል፣ እሷ ትቆጥራለች። የጎደለ ነገር ቢኖር መታወቅ ያለበት ያኔ ነው። ግማሹ ከተገጠመ በኋላ ከሆነ፣ ዕቃው እስኪላክ ድረስ ጠረጴዛው እግሩን ሰቅሎ ይተኛል።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ባለ መስቀል ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ከዕቃው ጋር የሚመጣው የብሎን መፍቻ፣ ውሃ ልክ፣ አንድ አሮጌ ብርድ ልብስ። ብርድ ልብሱ የግድ ነው። ጠረጴዛው የሚገጠመው ተገልብጦ ስለሆነ ፊቱ መሬት ላይ ይውላል። ሲሚንቶ ላይ ሲገፋ ይቧጨራል።

ባለቤቴ ድሪሉን ይዞ ሲመጣ "ይሄን በእጅ እናድርገው" አልኩት። ምክንያት ነበረኝ። እንዲህ ዓይነቱ ጠረጴዛ ሙሉ እንጨት አይደለም። ኤምዲኤፍ ወይም ቺፕውድ ነው፤ የተፈጨ እንጨት በማጣበቂያ ተጨምቆ የተሠራ። ድሪል ቪቴውን በኃይል ሲያስገባው የቀዳዳው ውስጥ ይፈረፈራል። ከዚያ በኋላ ቪቴው ዝም ብሎ ይዞራል እንጂ አይነክስም። በካቻቪቴ ሲሆን ግን እጅ ይነግራችኋል። ሲከብድ ትንሽ ጨምሮ ማቆም ነው። ባለቤቴም ድሪሉን መለሰው።

ሌላው፣ መጀመሪያ ላይ ምንም ነገር አታጥብቁ። አራቱን ጎን በብሎን አያይዙና ሁሉንም ላላ አድርጋችሁ ተዉት። ማዕዘኖቹ በትክክል መግጠማቸውን ስታዩ አንዱን ማዕዘን ታጠብቃላችሁ፣ ቀጥሎ በሰያፍ ፊት ለፊቱ ያለውን። አንዱን ጎን ብቻ ጥብቅ አድርጋችሁ ከሄዳችሁ የመጨረሻው ብሎን ከቀዳዳው ጋር አይገናኝም። እግሮቹም በዚሁ መንገድ ይታሰራሉ።

ብረቶቹን ማስገባት ለኛ ከሁሉም ደስ ያለን ሥራ ነበር። ስምንት ብረት ነው። በየቀዳዳው የፕላስቲክ ቀለበት ይገባል፣ ብረቱ በዚያ ያልፋል። ሰዎቹ ግድግዳውን እንዳይመቱ በሁለቱ ጫፍ ላስቲክ ይደረጋል። ከዚያ ሰዎቹ በቪቴ ይታሰራሉ። እዚህ ላይ መመሪያውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል፤ አሰላለፉ ራሱ የጨዋታው የመጀመሪያ ሕግ ነውና። ከራሳችሁ ግብ ስትነሱ የናንተ በረኛ፣ የናንተ ሁለት ተከላካዮች፣ የባላጋራ ሦስት አጥቂዎች፣ የናንተ አምስት አማካዮች፣ የባላጋራ አምስት፣ የናንተ ሦስት አጥቂዎች፣ የባላጋራ ሁለት፣ የባላጋራ በረኛ። በየቡድኑ 11 ሰው። የሁሉም ፊት ወደ ባላጋራ ግብ። እጀታው ሁሉ በየባለቤቱ ወገን። ልጄ ይህን ስትደረድር ኳስ ገና ሳይጣል ጨዋታው ገባት። "እማዬ፣ አምስቶቹ መሃል የሆኑት መንገድ ለመዝጋት ነው አይደል?" አለችኝ። ነው።

አንድ የማሳስባችሁ ነገር አለ። ብረቱ ሲገፋ በሌላው ወገን ይወጣል። ቁመቱ ከጠረጴዛው ብዙም የማይበልጥ ልጅ እዚያ ከቆመ ፊቱን ያገኘዋል። ጫፎቹ ላይ የሚገባውን ላስቲክ እንዳትረሱት። ትንንሽ ልጆች እንግዳ ሆነው ሲመጡ ደግሞ በጎን አታስቁሟቸው።

ተገጥሞ ሲያልቅ መገልበጥ አለ። ለዚህ አራት ሰው ያስፈልጋል። ጠረጴዛው ዘንበል ብሎ በሁለት እግሩ ብቻ ከቆመ ክብደቱ ሁሉ እነዚያ ሁለት እግሮች ላይ ያርፋል፣ ብሎኑም ከጣውላው ይነቀላል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ፣ አየር ላይ ዞሮ፣ አራቱም እግር እኩል መሬት መንካት አለበት። ቡና አፈላሁና ጎረቤቶቻችንን ጠራን። ሁለቱ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። ጎረቤቴ ጠረጴዛውን ገና እንዳየ ፊቱ በራ። እሱም በልጅነቱ የመንገድ ጆተኒ ተጫዋች ነበር።

ከዚያ ውሃ ልክ። በቁመት፣ በወርድ፣ በሰያፍ አስቀምጣችሁ እዩ። እግሮቹ ሥር የሚዞር ጫማ አለ፤ በሱ ከፍ ዝቅ ይደረጋል። ካስተካከላችሁ በኋላ ኳሷን መሃል አስቀምጧትና ተዉአት። ከቆመች ጨርሳችኋል። ብረቶቹ ከከበዱ ሲሊኮን በጨርቅ ላይ ረጭታችሁ ብረቱን ጥረጉት። የወጥ ቤት ዘይት አይሆንም፤ አቧራ ይሰበስብና ይጣበቃል።

አሁን ሕጉ። መጀመሪያ ለልጆቼ የጆተኒን ታሪክ ነገርኳቸው፤ ታሪኩን የሰማ ልጅ ሕጉን ያከብራል ብዬ ስለማምን። ሃሮልድ ሰርልስ ቶርንተን የተባለ እንግሊዛዊ የጠረጴዛ እግር ኳስ ፓተንት በእ.ኤ.አ. 1923 አገኘ። ስፔኖች ደግሞ አሌሃንድሮ ፊኒስተሬን ያነሳሉ። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በቦምብ ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ እንደሱ ቆስለው ኳስ መጫወት ያልቻሉ ልጆች አየ። ለነሱ ብሎ ይህን ጨዋታ እንዳሰበው ራሱ ተናግሯል። በዚህ ታሪክ ስላሉት ልጆች ልጄ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች።

ዛሬ ዓለም አቀፍ የጠረጴዛ እግር ኳስ ፌዴሬሽን አለ፤ የተመሠረተው በእ.ኤ.አ. 2002 ነው። የሱን ሕግ ነው ያነበብነው። ከሁሉ የሚቀድመው ማሽከርከር ክልክል መሆኑ ነው። ኳሱን ከመምታት በፊትም ሆነ ከመቱ በኋላ ሰውየው ከአንድ ሙሉ ዙር በላይ መዞር የለበትም። ሕፃን ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ግን ያንን ነው፤ እጀታውን በመዳፉ ገፍቶ ማሽከርከር። ይህ አንድ ሕግ ሲያዝ ጨዋታው ይለወጣል። ልጁ ኳሱን ማቆም፣ ማየት፣ ማቀበል ይጀምራል። አንድ ሕግ ብቻ ማስተማር የምትችሉ ከሆነ እሱን አስተምሩ።

ሁለተኛው አጀማመሩ ነው። ኳሱ ያለው ሰው "ዝግጁ ነህ?" ብሎ ይጠይቃል። ሌላው "ዝግጁ" እስኪል ድረስ አይነካትም። ቀጥሎ ኳሷ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሰው ማለፍ አለባት፣ ከዚያ ነው ወደ ፊት የምትሄደው። ይህ ጥያቄና መልስ ቤታችን ውስጥ ብዙ ለቅሶ አስቀርቷል። "ሳላይ አገባብኝ" የሚባል ነገር የለም። ግብ የተቆጠረበት ቀጣዩን ኳስ ይጀምራል።

ጊዜም አለው። መሃል ያሉት አምስቶች ጋ ኳሷ ከ10 ሰከንድ በላይ አትቆይም፤ ሌሎቹ መስመሮች ጋ 15 ሰከንድ ይፈቀዳል። ጠረጴዛውን መነቅነቅ ወይም ብረቱን ግድግዳ ላይ ማላተም ጥፋት ነው። ኳሷ ማንም የማይደርስበት ቦታ ከቆመች እንደ ቆመችበት ቦታ ይታያል። በሁለቱ የአምስት መስመሮች መካከል ከሆነ እንደ አዲስ ትጣላለች። ከግቡ አጠገብ ከሆነ ለተከላካዩ ትሰጣለች። ግብ ውስጥ ገብታ ነጥራ የወጣች ኳስ ደግሞ ግብ ናት።

ይህን የመጨረሻውን ስናነብ ለታላቅ ወንድሜ ደወልኩለት። እዚህ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን በክረምት አዲስ አበባ ከቀኑ አሥራ ሁለት ነው፤ ቤቱ ይገኛል። ስልኩን ጠረጴዛው አናት ላይ አስደገፍኩት። "የወጣች ግብ ናት? በኛ ሰፈር አትቆጠርም ነበር!" አለ። "ከመሃል መስመር የተመታችም አትቆጠርም።" ጎረቤታችንም ይህንን ሲሰማ ራሱን በኃይል ነቀነቀ። እነሱ ሰፈርም ከመሃል የመጣ ግብ አይቆጠርም ነበር አለ። በፌዴሬሽኑ ሕግ ግን ከየትኛውም መስመር የተገባ ግብ ይቆጠራል፤ በረኛው እንኳ ቢመታት። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ጉለሌ አንዱ ሳን ሳልቫዶር ያደጉ፣ በኔ ቤዝመንት አንድ ሕግ ይዘው ልጆቼን ሲሞግቱ ቆሜ ሰማኋቸው። ልጆቹ መጽሐፉን ይዘው አልለቀቁም። በመጨረሻ ድምፅ ተሰጠበት። የወጣች ግብ ትቆጠራለች። ከመሃል የተመታች ግን ግድግዳ ወይም ሌላ ሰው ካልነካች አትቆጠርም። ይህ የኛ ቤት ሕግ ሆነ። ወንድሜም ስልኩ ውስጥ ሆኖ አጸደቀው።

ያን ዕለት ነው ወረቀቱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው። በየጨዋታው ስም ሥር፣ ከዓለም ሕግ የወሰድነው በሰማያዊ፣ የቤታችን በቀይ። እንግዳ ልጅ ሲመጣ ከመጀመሩ በፊት ቀዩን ብቻ ይነበብለታል። የለጠፍነው ወረቀት አሁንም እየተጨመረበት ነው።

ፑሉን ያስተማረው ባለቤቴ ነው። ወጣት ሆኖ ፒያሳ አካባቢ ፑል ቤት አይጠፋም ነበር። ስምንት ኳስ የሚባለውን መርጠን ጀመርን። ኳሶቹ 15 ናቸው። ከ1 እስከ 7 ሙሉ ቀለም፣ ከ9 እስከ 15 ባለ መስመር፣ 8ኛዋ ጥቁር። ሲደረደር ጥቁሯ መሃል ትሆናለች። ከኋላ ባሉት ሁለት ማዕዘኖች አንዱ ላይ ሙሉ ቀለም፣ ሌላው ላይ ባለ መስመር ይቀመጣል። ሲበተን አንድ ኳስ መግባት ወይም ቢያንስ አራት ኳሶች ጠርዝ መንካት አለባቸው። ሲበተን ስለገባ ብቻ ግን ወገን አይመረጥም፤ ጠረጴዛው ክፍት ነው። ወገን የሚለየው ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ ይህን ኳስ እዚህ ኪስ አስገባለሁ ብሎ ሲያስገባ ነው።

ባለቤቴና ትልቁ ልጄ የተለያዩት በስቲክ የምትመታው ነጭዋ ኳስ ኪስ ስትገባ ነው። ባለቤቴ የለመደው ሁለት ምት መስጠትን ነበር። የዓለም ፑል ማኅበር ሕግ ግን ባላጋራው ነጭዋን በእጁ አንሥቶ የፈለገበት ቦታ እንዲያስቀምጥ ነው። ይህ ለልጆች በጣም ይሻላል፤ ገና የሚማር ልጅም ጥሩ ቦታ ላይ ቆሞ ይመታል። ጥቁሯን የራስን ሰባት ሳይጨርሱ ማስገባት ሽንፈት ነው። ጥቁሯ ስትገባ ነጭዋ አብራ ከገባችም ሽንፈት ነው። ጥቁሯን ሊመታ ሲል ነጭዋ ብቻ ከገባች ግን ጥፋት ነው እንጂ ጨዋታው አላለቀም። ብዙ ሰው ይህንን እንደ ሽንፈት ይቆጥረዋል። ልጄ ሕጉን አሳይቶ አባቱን ሲያሳምን ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ ሳመው።

ኪስ ባለው ጠረጴዛ ላይ ከረንቡላ መጫወት አይቻልም፤ ከረንቡላ ኪስ የሌለው ጠረጴዛ ይፈልጋል። ባለቤቴ ይህንን ሲያስብ ትንሽ ይከፋዋል።

ፒንግ ፖንጉ ላይ አጭር ልሁን። ሰሌዳው ትንሽ ነው። መደበኛው ጠረጴዛ 2.74 ሜትር ርዝመትና 1.525 ሜትር ወርድ አለው፤ የኛ ከግማሹ ያነሰ። ስለዚህ ኃይል አይሠራበትም፤ ሥራው የእጅ አንጓ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ስማር እስከ 21 ነበር የምንቆጥረው፤ ሰርቩም አምስት አምስት ነበር። በእ.ኤ.አ. 2001 ወደ 11 ወረደ፣ ሰርቩም ሁለት ሁለት ሆነ። አሥር ለአሥር ሲሆን አንድ አንድ እየተቀያየሩ በሁለት የመራ ያሸንፋል። ሰርቭ ሲደረግ ኳሱ በተዘረጋ መዳፍ ላይ ሆኖ ቢያንስ 16 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ መወርወር አለበት። ልጆቼ 11ን ይወዱታል፤ ቶሎ ያልቃል፣ ተረኛው ብዙ አይጠብቅም። እኔ 21ን እወዳለሁ። በ21 ከኋላ ተነሥቶ ማሸነፍ ይቻላል፣ ሰው ወደ ራሱ ለመመለስ ጊዜ ያገኛል። እሁድ እሁድ የኔ ሕግ ይሠራል።

ሆኪው ከሥሩ አየር የሚነፋ አይደለም፤ ዲስኩ በለሰለሰው ሰሌዳ ላይ ይንሸራተታል። ሰባት ግብ ያስገባ ያሸንፋል። ዲስኩ ወደ ራስ ሜዳ ከገባ በሰባት ሰከንድ ውስጥ ወደ ማዶ መመለስ አለበት። መምቻውን ዲስኩ ላይ መድፋት ክልክል ነው። ይኸው ነው።

ዳማው ግን ብዙ ያስኬዳል። የባለቤቴ አባት አባባ ከደብረ ብርሃን መጥተው ክረምቱን ከኛ ጋር ናቸው። ጆተኒውን ቆመው ያያሉ፣ ፑሉን ቆመው ያያሉ። የዳማው ሰሌዳ ሲነጠፍ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ። ዕድሜ ልካቸውን በቆርኪ ነው የተጫወቱት፤ የአንዱ ቆርኪ ፊቱ ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች። የተገዛውን ጠጠር ገልበጥ አድርገው አይተው "ሸጋ ነው" አሉ።

ትልቁ ልጄ የአሜሪካውን ሕግ ነበር ያነበበው። በየወገኑ 12 ጠጠር። የሚበላ ካለ መብላት ግዴታ ነው። ተራ ጠጠር ወደ ኋላ አይሄድም፣ ወደ ኋላም አይበላም። ጫፍ ደርሳ የነገሠችው ግን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ትሄዳለች፤ የምትሄደው አንድ አንድ ቤት ነው። አባባ የሚያውቁት ንጉሥ ግን ሰያፉን ሙሉ ይጋልባል። ንጉሣቸውን ከጫፍ ጫፍ ሲነዱት ልጄ በአክብሮት "አባባ፣ እዚህ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው" አላቸው። አባባ ቀና ብለው አዩት። "ንጉሥ ሆኖ አንድ ቤት?" አሉ። ልጄ ወረቀቱን አሳያቸው። አባባ ዝም ብለው አሰቡና "እሺ፣ ይሄኛውን ባንተ ሕግ። የሚቀጥለውን በኔ" አሉት። እንዲሁ ሆነ። ሁለቱንም እሳቸው አሸነፉ።

ይህ የአባባ ውሳኔ ቀይ ቀለም ሆኖ ወረቀቱ ላይ ገባ። ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት የየት አገር ሕግ እንደሆነ ይነገራል። ከተጀመረ በኋላ አይቀየርም።

ቼዙን ስንዘረጋ ደግሞ ስለ ሰንጠረዥ አነሣን። የኛው የቀድሞ ቼዝ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በሰፊው ጽፈውበታል። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ትሄዳለች፤ እንደ ዛሬዋ ንግሥት ሜዳውን አታካልልም። ፊል የሚባለው ጠጠር ደግሞ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። ልጆቼን ያስገረማቸው ግን ወረራ የሚባለው ነው። በጨዋታው መጀመሪያ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል፣ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ከዚያ በኋላ ነው ተራ በተራ የሚሆነው። ሁለቱ ወዲያው ሞከሩት። እጅ ከእጅ ተጋጨ፣ ሳቅ ሆነ፣ ግን ቆይተው ገባቸው። ባላጋራህን እያየህ ማሰለፍ ነው፤ እሱ ሲለውጥ አንተም ትለውጣለህ። አሁን ቼዝ ሲሉኝ "የቱን?" ብዬ እጠይቃለሁ።

ለጀማሪ ቤተሰብ ከየት ልጀምር ካላችሁ፣ በጆተኒ ጀምሩ፤ ሕጉ አጭር ነው፣ አራት ሰው ያጫውታል። ከዚያ ፑል። ዳማና ቼዝ አያት ሲኖር ይሻላል። ቦውሊንጉን ለትንንሽ እንግዶች አስቀምጡት። ሸፍልቦርዱ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ። በየዙሩ ነጥብ የሚያገኘው አንዱ ወገን ብቻ ነው፤ ከባላጋራው የሩቅ ጠጠር አልፈው የቆሙት ብቻ ይቆጠራሉ። ይህን ሳያውቁ ሁሉንም የሚደምሩ ሰዎች አይቻለሁ። ጨዋታው ጣዕም ያጣል።

ባክጋመኑ ገና ሳጥኑ ውስጥ ነው። በየወገኑ 15 ጠጠር፣ 24 ሹል ሦስት ማዕዘን፣ ሁለት ዳይስ። ሁለቱ ዳይሶች አንድ ቁጥር ካሳዩ ያ ቁጥር አራት ጊዜ ይኬዳል። እስካሁን ያነበብነው እዚህ ድረስ ነው። አባባ ከመመለሳቸው በፊት ልንጨርሰው ተስማምተናል፤ አንባቢዋ ትንሿ ልጄ ናት።